ስሙ አለ፣ ሥራው የለም፦ ከጅማ የእሸት ቡና ሚዛን የተገኘ የፕሮቶኮል ጉዳይ

ለምን እንደምጽፈው

ስለ ኦብጀክት ኦሬንትድ ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራምን መረጃና ሥራ አብረው በያዙ፣ ኦብጀክት በሚባሉ ክፍሎች የመሥራት ዘዴ) ስንማር ለፕሮቶኮል፣ ማለትም ኦብጀክቶች ሊያሟሉት ለሚገባ ስምምነት፣ የሚሰጠን ምሳሌ ብዙ ጊዜ ውሻና ድመት ነው። ውሻው ይጮኻል፣ ድመቷ ሚያው ትላለች፣ ሁለቱም «ድምፅ አሰማ» የሚል ሜተድ (በስም የሚጠራ ሥራ) አላቸው፣ አለቀ። በዚህ የተማረ ሰው ፕሮቶኮል ማለት የሜተድ ስም ዝርዝር ነው ብሎ ቢይዝ አይፈረድበትም። ጅማ አካባቢ ባለ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሆነው ነገር ግን የስም ዝርዝር ብቻ አለመሆኑን በኪሎና በብር ያሳየ ነው።

ኮዱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ችግሩ ከታየ በኋላ የጻፉት ልጆች አብሬያቸው እንዳየው ጠሩኝ፣ እስከ መጨረሻው አብሬያቸው ነበርኩ። ጣቢያውንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ጉዳዩ እንዲጻፍ ግን ሁሉም ተስማምተዋል፤ እንዲያውም የጣቢያው የሚዛን መዝጋቢ «ጻፈው፣ ሌላ ቦታ እንዳይደገም» ብላኛለች።

ቦታውና ሥራው

ጣቢያው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው። ገበሬው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቅማል፣ ኅዳር ላይ ሥራው ይጦፋል። ቀይ እሸት ቡና ማደር አይወድም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲለቀም የዋለው ቡና አመሻሽ ላይ ባንዴ ጣቢያው ደጃፍ ይደርሳል። በአህያ የሚያመጣ አለ፣ በባጃጅ የሚያመጣ አለ፣ ተሸክሞ የሚመጣ አለ። ሰልፉ ይረዝማል፣ መብራት አንዳንዴ ይጠፋል፣ መፈልፈያው ማሽን ደግሞ ሌሊቱን መሥራት አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሸቱ መጀመሪያ አልጋ ላይ ይዘረገፋል፣ አረንጓዴውና የደረቀው ተለቅሞ ይወጣል። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ያለ ሳፋ ውስጥ ይገለበጣል። ባዶው ሳፋ ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ቡናው ከመገልበጡ በፊት ሚዛኑ ሳፋውን እንደያዘ ዜሮ መደረግ አለበት። መዝጋቢዋ ላፕቶፑ ላይ «ዜሮ» የሚለውን ትጫናለች፣ ቡናው ይገለበጣል፣ ቁጥሩ ሲረጋ «መዝግብ» ትላለች፣ ደረሰኝ ይወጣል። ገበሬው የሚከፈለው በዚያ ደረሰኝ ነው።

ፕሮግራሙን የሠሩት ጅማ ከተማ አጂፕ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያውን የቡና ወቅት በአንድ ሚዛን በሰላም ጨርሰው ነበር። ጣቢያው ሁለተኛ ሚዛን የገዛው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ኮዱ እንዴት ተሠርቶ ነበር

ፕሮግራሙ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ልጆቹ ሚዛን እንደሚቀያየር ከጅምሩ ስለገመቱ፣ የመዝገቡ ክፍል የሚዛኑን ዓይነት ጨርሶ እንዳያውቅ መሃል ላይ ፕሮቶኮል አስቀመጡ። ይህ ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ፕሮቶኮሉ ማንኛውም የሚዛን ክላስ (ኦብጀክት የሚፈጠርበት የኮድ ንድፍ) ሊያሟላቸው የሚገቡ አራት ሜተዶች ነበሩት። በአማርኛ ልጥራቸው፦

«አንብብ» አሁን ያለውን ክብደት በኪሎ ይመልሳል።
«ረግቷል» ቁጥሩ መዋዠቁን አቁሞ ከሆነ እውነት፣ ካልሆነ ሐሰት ይላል።
«ዜሮ አድርግ» ሚዛኑ ላይ ያለውን ዕቃ እንደ ዜሮ ያስቆጥራል።
«ዝጋ» ከሚዛኑ ጋር ያለውን መስመር ይዘጋል።

ፓይተን ውስጥ ይህ ዓይነቱ ፕሮቶኮል የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ስሪት 3.8 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ተመሳሳዩ ሥራ የሚሠራው በአብስትራክት ክላስ (የሚወርሱት ክላሶች የሚሞሏቸውን ሜተዶች የሚዘረዝር ክላስ) ነበር፣ ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያ ይሠራል። በአብስትራክት ክላስ መንገድ ልጁ ክላስ አባቱን በስም መውረስ አለበት። በፕሮቶኮል ግን መውረስ ግዴታ አይደለም፤ የሚፈለጉት ሜተዶች ካሉህ በቂ ነው። መውረስም ግን ይቻላል። ልጆቹ ኮዱን የሚያነብ ሰው «ይህ ክላስ ሚዛን ነው» የሚለውን ወዲያው እንዲያይ ብለው ወረሱት። የሚፈቀድ ነገር ነው፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ጣጣው ወደ በኋላ ይመጣል።

አዲሱ ሚዛን

እንዲህ ያለ ዲጂታል ሚዛን ከላፕቶፕ ጋር ብዙ ጊዜ የሚነጋገረው በሲሪያል ኬብል ነው። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ አንድ አጭር መስመር ይልካል። የእነዚህ ሁለት ሚዛኖች መስመር መጀመሪያ ላይ «ኤስቲ» ወይም «ዩኤስ» የሚሉ ፊደላት አሉ፤ የመጀመሪያው ረግቷል፣ ሁለተኛው ገና ይዋዥቃል ማለት ነው። ቀጥሎ «ጂኤስ» ወይም «ኤንቲ» ይመጣል፤ ከነዕቃው ወይም የተጣራ። ከዚያ ቁጥሩና ኪሎው። እነዚህን አራት ምልክቶች ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋሉ።

የድሮው ሚዛን ትእዛዝ ይቀበላል። ላፕቶፑ «ቲ» የምትለውን ፊደል ሲልክለት ሳፋውን ቀንሶ ራሱን ዜሮ ያደርጋል። አዲሱ ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። ከጀርባው የሚወጣው መስመር መላኪያ ብቻ ነው። ዜሮ የሚደረገው በራሱ ላይ ባለው ቁልፍ፣ በእጅ ነው።

የአዲሱን ሚዛን ክላስ የጻፈው ልጅ ሦስቱን ሜተዶች በደንብ ጻፈ። «ዜሮ አድርግ» ላይ ሲደርስ የሚልከው ትእዛዝ የመመሪያው ወረቀት ላይ የለም። ሻጩን ጠይቄ እሞላዋለሁ ብሎ ተወው። ፕሮግራሙን አስነሣው፣ ተነሣ። ክብደት አነበበ፣ ደረሰኝ አወጣ። አንድም ኤረር አልታየም። ለቀማው ጦፎ ስለነበር ላፕቶፑ በማግሥቱ ወደ ጣቢያው ሄደ።

ችግሩ የታየበት ምሽት

ከዚያ በኋላ ለቀናት ማንም ምንም አላለም። የነቃው አንድ ሀጂ ናቸው፣ ለጣቢያው የቆዩ ደንበኛ። ሁለት ማዳበሪያ እሸት ይዘው መጡ። ሰልፉ ረዝሞ ስለነበር አንደኛው በድሮው ሚዛን፣ ሌላኛው በአዲሱ ተመዘነ። ሀጂ ሁለቱን ደረሰኝ አጠገብ ለአጠገብ ይዘው መዝጋቢዋን ጠሯት።

«ልጄ፣ እነዚህን እቤት በአንድ ቁና እኩል ሰፍሬ ነው የመጣሁት። ይሄኛው ለምን በለጠ?»

«ሀጂ፣ አልጎደለብዎትም እኮ፣ ጨምሮልዎታል።»

«የጨመረውም ያው የሰው ነው። እስቲ እዪው።»

መዝጋቢዋ ሰልፉን አስቁማ ቡናውን አስነሣች። ባዶውን ሳፋ አዲሱ ሚዛን ላይ አስቀመጠች። «ዜሮ» ተጫነች። ስክሪኑ «ዜሮ ሆኗል» አለ። ምንም ሳትጨምር «መዝግብ» አለች። ደረሰኙ ወጣ፦ 1.9 ኪሎ። የባዶ ሳፋ ደረሰኝ። ያቺን ወረቀት ላፕቶፑ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፋ ለልጆቹ ደወለች። እኔም ስደርስ እዚያው ተለጥፋ ነበር ያየኋት።

ችግሩ ከዚያ በፊት ያልታየው፣ ፕሮግራሙ ክብደቱን ስክሪን ላይ የሚያወጣው «መዝግብ» ሲባል ብቻ ስለነበር ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው የራሱ መስኮት 1.9 እያለ ነበር። ግን ሰዉ በድሮው ሚዛን ላፕቶፑን ማመን ለምዷል፣ በዚያ ላይ ጨልሟል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሳፋው በአዲሱ ሚዛን ቁልፍ በእጅ ዜሮ እንዲደረግ፣ ከላፕቶፑ «ዜሮ» የሚለው እንዲተው ተባለ። ሥራው ሳይቆም ቀጠለ።

ምርመራው

የመጀመሪያው ጥያቄ ላፕቶፑ ዜሮ ሳያደርግ «ዜሮ ሆኗል» ለምን አለ የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ነው። ኮዱ «ዜሮ አድርግ»ን ይጠራል፤ ኤረር ካልመጣ መልእክቱን ያወጣል። ኤረር አልመጣም፣ አወጣ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ያልተጻፈ ሜተድ ሲጠራ ኤረር ለምን አልመጣም? ፕሮቶኮሉ ውስጥ ሜተዶቹ ሲዘረዘሩ አካላቸው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፤ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ክላሱ ፕሮቶኮሉን በስም ሲወርስ ግን እነዚያን ባዶ ሜተዶችም አብሮ ይወርሳል። ስለዚህ ለፓይተን አዲሱ ሚዛን «ዜሮ አድርግ» የለውም ማለት አይቻልም፤ አለው። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ምንም አይሠራም፣ «ነን» የሚባለውን ባዶ ዋጋ መልሶ ይሄዳል። ልጁ ፕሮቶኮሉን ባይወርስ ኖሮ «ዜሮ» የሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ በተጫነባት ቅጽበት «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» የሚል ኤረር ይመጣ ነበር፣ ነገሩ እዚያው አጂፕ ቢሯቸው ውስጥ ያልቅ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የተዘለለው «ረግቷል» ቢሆን ኖሮስ? ባዶው ዋጋ እንደ ሐሰት ስለሚቆጠር ፕሮግራሙ «ገና አልረጋም» እያለ አንድም ደረሰኝ አያወጣም ነበር፣ በደቂቃ ውስጥ ይታወቅ ነበር። «አንብብ» ቢሆንም ቁጥር ሲጠበቅ ባዶ መጥቶ ስሌቱ ላይ ይሰበር ነበር። «ዜሮ አድርግ» ግን የሚመልሰው ነገር የለውም። ሥራውን ቢሠራም ባዶ ይመልሳል፣ ባይሠራም ባዶ ይመልሳል። መልስ የሚሰጥ ሜተድ ሲጎድል ቶሎ ይጋለጣል፤ ትእዛዝ የሚፈጽም ሜተድ ሲጎድል ዝም ይላል። ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህንን ነው።

«ይሄ የፓይተን ችግር ነው» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። በጃቫ፣ በኮትሊን ወይም በስዊፍት ቢሆን የግዴታ ሜተድ ያልሞላ ክላስ ከነጭራሹ ኮምፓይል አይሆንም (ወደሚሠራ ፕሮግራም አይቀየርም)። ግን እዚያም መሸሸጊያ አለ። ስዊፍት ውስጥ ለፕሮቶኮል በኤክስቴንሽን የተዘጋጀ ሜተድ ሊጻፍለት ይችላል፣ ጃቫም ከስሪት 8 ጀምሮ ኢንተርፌስ (የጃቫው ፕሮቶኮል) ላይ ዲፎልት ሜተድ ይፈቅዳል። ያ የተዘጋጀው ሜተድ ባዶ ከሆነ፣ ያልሞላው ክላስ በሰላም ያልፋል። ዝምታው ያው ነው።

ያልሠሩት መፍትሔዎች

ልጆቹ በመጀመሪያ ያሰቡት ፕሮግራሙ ሲነሣ ሚዛኑን እንዲፈትሸው ነበር። ፓይተን ውስጥ ፕሮቶኮሉን «ረንታይም ቼከብል» (ፕሮግራሙ እየሠራ የሚፈተሽ) አድርጎ፣ «ይህ ኦብጀክት ሚዛን ነው ወይ?» ብሎ ኢዝኢንስታንስ በሚባለው ፈንክሽን መጠየቅ ይቻላል። ጠየቁት። «አዎ» አለ። ክላሱ በስም ወርሶታልና አዎ ይላል። ባይወርሰውም ኖሮ ፍተሻው የሚያየው ሜተዶቹ በስም መኖራቸውን ብቻ ነው፤ ምን ተቀብለው ምን እንደሚመልሱ አያይም፣ ሥራቸውንማ ጨርሶ አያውቅም።

ቀጥሎ አራቱም ሜተዶች አብስትራክት ተባሉ። ይሄ ይሻላል። ካልሞላኸው ኦብጀክቱን ልፍጠር ስትል ፓይተን ታይፕኤረር ያወጣል፣ የጎደለውን ሜተድም በስም ይነግርሃል። ክላሱ ሲጻፍ ሳይሆን ሲፈጠር ነው የሚናገረው፣ ቢሆንም ይናገራል። ማታውኑ ላፕቶፑ ጣቢያው ላይ በዚህ ኤረር ቆመ።

የሆነው ግን ይህ ነው። ውጭ ሰልፍ ቆሟል፣ ፕሮግራሙ እምቢ ብሏል፣ ልጆቹ በስልክ እየተጠሩ ነው። አንደኛው «ዜሮ አድርግ» የሚለውን ክላሱ ውስጥ ጻፈና አካሉ ላይ «ፓስ» (ለፓይተን «ምንም አትሥራ» ማለት ነው) ብሎ አለፈ። ኤረሩ ጠፋ፣ ፕሮግራሙ ተነሣ፣ ባዶው ሜተድ ተመልሶ መጣ፤ ያውም አሁን በስሙ ተጽፎ። በዚያ ሰዓት ልጁን የሚወቅስ ሰው ሰልፉን ያላየ ነው። አብስትራክት ማለት «ጻፍ» ብሎ ያስገድዳል እንጂ «ሥራ» ብሎ አያስገድድም። ደግሞስ ምን ይጻፍ? ሚዛኑ ትእዛዝ አይቀበልም። ፕሮቶኮሉ የሚጠይቀው ነገር በዚህ ሚዛን የሚቻል አልነበረም።

ኮዱን ሳያስኬድ የሚፈትሸው ማይፓይ የሚባል መሣሪያም ተሞክሯል። አዲሶቹ የማይፓይ ስሪቶች አካሉ ባዶ የሆነ የፕሮቶኮል ሜተድ ሳይሞላ ክላሱ ሲፈጠር ስህተት ነው ይላሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ኮድ መያዝ ነበረበት። ሲሠራበት ግን ዝም አለ። ምክንያቱ ሚዛኑን የሚመርጠው ፈንክሽን የታይፕ ምልክት (ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚቀበልና እንደሚመልስ የሚናገር) አልተጻፈበትም፣ ማይፓይ ደግሞ ካልተነገረው በቀር ምልክት የሌለውን ፈንክሽን አካል አይፈትሽም። ምልክቱ ሲጻፍበት ወዲያው ተናገረ። ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ለ«ፓስ» ግን መድኃኒት የለውም።

የሠራው

መፍትሔው የተገኘው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። «አዲሱን ሚዛን እንዴት ዜሮ እናድርገው?» መባሉ ቀረና «መዝጋቢዋ ከሚዛን የምትፈልገው ምንድን ነው?» ተባለ። የምትፈልገው ያለ ሳፋው ምን ያህል ቡና እንዳለ ማወቅ ነው። ሚዛኑ ቁልፉ ይጫን አይጫን ጉዳይዋ አይደለም። «ዜሮ አድርግ» ከድሮው ሚዛን ቁልፍ ላይ በቀጥታ የተቀዳ ሜተድ ነበር። ያን ጊዜ ያለው ሚዛን አንድ ስለነበር ፕሮቶኮሉ ሳይታወቅ የዚያን ሚዛን መልክ ይዞ ቀረ።

ስለዚህ ተቀየረ። «ዜሮ አድርግ» ወጣ፣ «ዕቃውን ያዝ» ገባ፤ ይሄኛው የያዘውን የዕቃ ክብደት በኪሎ ይመልሳል። «አንብብ» ደግሞ «የተጣራ» ተባለ። የድሮው ሚዛን ክላስ እንደ በፊቱ «ቲ»ን ይልካል። የአዲሱ ክላስ ባዶውን ሳፋ አንብቦ ቁጥሩን ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ሁሉ ይቀንሳል። ሁለቱም ቃላቸውን ይጠብቃሉ፣ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ፕሮቶኮል የተፈጠረውም ለዚህ ነው።

መልስ የሌለው ሜተድ መልስ እንዲኖረው መደረጉ ትንሽ ለውጥ ይመስላል፣ ግን ትልቁ እሱ ነው። አሁን ስክሪኑ «ዜሮ ሆኗል» አይልም። «ሳፋ 1.9 ኪሎ ተይዟል» ይላል። መዝጋቢዋ ሳፋው ስንት እንደሚመዝን ታውቃለች። 0.0 ካየች ወይም ምንም ካላየች ቡናውን አታስገለብጥም።

ከዚያ አንድ የከፋ ነገር ሊመጣ ነበር። አዲሱን ሚዛን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ከዚያች ማታ ጀምሮ ቁልፉን በእጅ መጫን ለምዷል። ሚዛኑ ራሱ ሳፋውን ቀንሶ፣ ፕሮግራሙም ደግሞ ቢቀንስ፣ በእያንዳንዱ ምዘና ከገበሬው ላይ ሁለት ኪሎ ገደማ ይጎድላል። የመጀመሪያው ስህተት ጣቢያውን ነበር የጎዳው፣ ይሄኛው ገበሬውን የሚጎዳ ነው። እዚህ ላይ ነው «ጂኤስ» እና «ኤንቲ» የጠቀሙት። የአዲሱ ሚዛን ክላስ «ኤንቲ» የሚል መስመር ሲያይ አይገምትም፤ «ሚዛኑ በቁልፍ ዜሮ ተደርጓል፣ ቁልፉን መልሱ» ብሎ ኤረር ያወጣል። መልእክቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው የተጻፈው፣ የሚያነበው ሠራተኛው ነውና።

ይህን ቀድሞ የያዘው ቴስት ነው። ልጆቹ አንድ የጋራ ቴስት (ሌላውን ኮድ የሚፈትን ኮድ) ጻፉ፤ የተጻፈው ለአንድ ክላስ ሳይሆን ለፕሮቶኮሉ ነው፣ ፓይቴስት በሚባለው የፓይተን መፈተኛ መሣሪያ አማካይነት እያንዳንዱ የሚዛን ክላስ በተራ በዚያው ያልፋል። ሚዛን ቢሮ ውስጥ ስለሌለ ጣቢያው ላይ ሁለቱ ሚዛኖች የላኩት መስመር በፋይል ተቀድቶ መጣ፤ ቴስቱ ያንን ያጫውታል። ባዶ ሳፋ ይያዛል፣ የተጣራው ዜሮ መሆን አለበት። የ20 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ሲጨመር 20 መሆን አለበት። ሳፋው ሲነሣ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት። «ዩኤስ» የሚል መስመር ከሆነ ክብደት መመለስ የለበትም። ሠራተኛው ቁልፉን ሲጫን የተቀዳውን ፋይል ያጫወቱ ቀን ድንጋዩ 18.1 ሆኖ ወጣ፤ ድርብ ቅነሳው የታወቀው ያኔ ነው። «ፓስ» ብሎ ያለፈ ክላስ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ አይመልስም።

ቴስቱ ያልያዘው ነገርም ነበር። ፕሮግራሙ ሲነሣ ሚዛኑ መሃል መስመር ላይ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዋ መስመር ተቆርጣ ትመጣለች። የተቀዳው ፋይል ሁልጊዜ ከሙሉ መስመር ስለሚጀምር ይህ ቢሮ ውስጥ አልታየም፤ ጣቢያው ላይ አንድ ጠዋት ታየ። አሁን ሁለቱም ክላሶች የመጀመሪያዋን መስመር ይጥላሉ፣ የተቆረጠ ፋይልም ቴስቱ ውስጥ ገብቷል። የላላ ኬብልን ደግሞ የትኛውም ቴስት አያውቀውም። ስለዚህ መዝጋቢዋ ምዘና ከመጀመሯ በፊት በየዕለቱ የ20 ኪሎውን ድንጋይ በሁለቱም ሚዛኖች ላይ ታስቀምጣለች፣ ቁጥሩንም ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

የተከፈለው ገንዘብና መዝገቡ

እያንዳንዱ ደረሰኝ የትኛው ሚዛን እንደመዘነው ይይዛል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ያሰቧት ትንሽ ነገር ነበረች፣ ብዙ አዳነች። በአዲሱ ሚዛን የተመዘነው ሁሉ ተለይቶ ወጣ፣ በየምዘናው የሳፋው ክብደት ተቀነሰ፣ የጣቢያው የእሸት መዝገብ ተስተካከለ። የድሮው ቁጥር አልተሰረዘም፤ ማስተካከያው ከጎኑ ምክንያቱ ተጽፎበት ገባ። የጣቢያው ኃላፊ ለገበሬው የተከፈለው ተመልሶ እንደማይጠየቅ ወሰነ፣ ለሀጂም ሰው ባለበት ምስጋና አቀረበላቸው። ትክክል ያደረገ ይመስለኛል። ሚዛን ላይ እምነት አንዴ ከፈረሰ ገበሬው እሸቱን ይዞ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ቡና የማይመዝን ሰው ከዚህ ምን ይወስዳል? መጀመሪያ፣ የግዴታ ሜተድ ሁለት መልክ ብቻ ይኑረው፦ ወይ ሥራውን ይሥራ፣ ወይ አልችልም ብሎ ይጩኽ። ጊዜ አጥሮህ መሙላት ካልቻልክ «ፓስ» ብለህ አትለፍ፤ ፓይተን ላይ ኖትኢምፕሊመንትድኤረር («ይህ አልተሠራም» የሚል ኤረር) አውጣ፣ ከጎኑም ሰው የሚረዳው መልእክት ጻፍ። ያን ምሽት ባዶው ሜተድ «ይህ ሚዛን ከላፕቶፕ ዜሮ አይደረግም፣ ቁልፉን ይጫኑ» ቢል ኖሮ ሰልፉም ይሄድ ነበር፣ ስህተቱም አይደገምም ነበር።

ፕሮቶኮል ስትጽፍ ባዶ የሚመልሱትን ሜተዶች ለይተህ እያቸው። ላክ፣ አስቀምጥ፣ አጥፋ፣ ዝጋ የሚሉት ሁሉ ከዚህ ጎራ ናቸው። የኤስኤምኤስ መላኪያ ብትሠራ፣ የክፍያ ሥርዓት ብትሠራ፣ «ላክ» የሚለው ባዶ ቢሆን ማንም ሳያውቅ ቀናት ያልፋሉ። የሚቻል ከሆነ የሠሩትን የሚያሳይ ነገር ይመልሱ። የማይቻል ከሆነ ከትእዛዙ በኋላ ሁኔታውን መልሰህ አንብብ። «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ከተነበበ ነገር ይምጣ፤ ኤረር ስላልመጣ ብቻ አይውጣ።

ሌላው፣ ሁለተኛው ክላስ አንድን ሜተድ መሙላት ሲያቅተው ቶሎ ክላሱን አትክሰስ። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ እያየ የተጻፈ ፕሮቶኮል የዚያን ዕቃ መልክ ይይዛል። ጥያቄው የመጣው ከተጠቃሚው ነው ወይስ ከመጀመሪያው ዕቃ ቁልፍ? ይህን ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ ሁለተኛው ዕቃ ሲመጣ ነው፤ አምስተኛው እስኪመጣ ከተቆየ የሚቀየረው ኮድ ይበዛል።

ቋንቋህ ምን እንደሚፈትሽልህ በደንብ እወቅ። ስምን የሚፈትሽ አለ፣ ታይፕን የሚፈትሽ አለ፣ ትርጉምን የሚፈትሽ ግን እዚህ ከጠቀስኳቸው ውስጥ የለም። ትርጉሙን አንተ ነህ የምትጽፈው፦ ከሜተዱ አጠገብ በኪሎ ነው ወይ በግራም፣ ሳይረጋ ቢጠራ ምን ይሆናል፣ ሁለት ጊዜ ቢጠራስ? ልጆቹ አሁን እያንዳንዱን የፕሮቶኮል ሜተድ ሲጽፉ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር ያሰፍራሉ፤ የጋራው ቴስት የሚጻፈውም ከዚያ ነው።

በዚህ ዓመት ጣቢያው ሦስተኛ ሚዛን ሊገዛ አስቧል። ልጆቹ ሻጩን የጠየቁት ዋጋውን ከመነጋገራቸው በፊት ነው፦ ሚዛኑ ባዶ ሆኖ፣ ሳፋ ሲቀመጥበት፣ ቁልፉ ሲጫን የሚልከውን መስመር ቀድታችሁ በፋይል ላኩልን አሉት። ፋይሉ መጥቶ በጋራው ቴስት ተፈተነ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደቀ፤ ይሄኛው ሚዛን «ጂኤስ» እና «ኤንቲ»ን ጨርሶ አይልክም። ከላፕቶፕ ትእዛዝ ይቀበል እንደሆነ ተጠይቋል፣ ግዢው የሻጩን መልስ እየጠበቀ ነው።